የኤልፊዲዮ እንባና የማግዳሌና ሙላት

ጀልባ ጠጋኙ ኤልፊዲዮ ሮቻ ከጎረምሳነቱ እስከ ሽበቱ በዘፈን የዋሸው ሁለቴ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋን ወንዙ ሰማበት።

በማግዳሌና ወንዝ ዳርቻ ባለችው መንደራችን ዘፈን ወሬ ነጋሪ ነው። የማን ላም ጠፋች፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ኮበለለች፣ ሁሉን የምንሰማው ከአኮርዲዮን ነው። በሬዲዮ የሚያላዝኑት የከተማ ዘፋኞች ሴቱን ሁሉ ጨረቃ፣ ጥርሱን ሁሉ ዕንቁ ይላሉ። ጨረቃዋ አንድ፣ እነሱ ሺህ፣ እፍረት የሚባል ደግሞ አልፈጠረባቸውም። ኤልፊዲዮ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም ነበር። እሱ "ዶሮዋ ቀይ ነች" ብሎ ከዘፈነ፣ ዶሮዋ ቀይ ነች።

ኋላ ኤውፌሚያን ወደደ። ባሏ የሞተባት፣ ዓሣ በጨው እያደረቀች የምትሸጥ፣ ቢላዋዋም ምላሷም የተሳለ ሴት ናት። ሁለት ክረምት ሙሉ ጀልባዋን በነፃ ጠገነላት፤ እሷም "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ በሯን ዘጋች። ቢቸግረው በቅዱስ ማርቲን በዓል ከሬዲዮው ተበደረ፦

"ኤውፌሚያ ስልሽ እንባዬ ፈሶ፣
ማግዳሌና ሞላ ዳርቻውን ጥሶ።"

ሰዉ አጨበጨበ። እሑድ ሳይደርስ ማግዳሌና ሞላ፣ ዳርቻውንም ጣሰ። የዩካውን ማሳ ጠራርጎ፣ ዶሮዎቹን ከነቆጣቸው አንሳፍፎ ወሰደ። ጎረቤቶቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው የኤልፊዲዮን ደጅ ሞሉት።

"አበልጄ፣" አለ ኤልፊዲዮ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ፖሊካርፖ፣ "ዩካዬን አለቀስክበት!"

"ዝናቡ እኮ ነው!"

"ዝናቡ አልዘፈነም፤ የዘፈንከው አንተ ነህ። ለመሆኑ ዘፍነህ ዋሽተህ ታውቃለህ?"

"ኧረ በፍጹም..."

"ይኸው አመነ!"

አሮጊቷ ዶኛ ቶማሳ ደግሞ ምርኩዛቸውን ነቀነቁበት። "አንት ብኩን! ማልቀስህ ካልቀረ የኔ ማንጎ ሥር ብታለቅስ ምናለበት? በጥም ሊሞት ነበር እኮ!"

ስድቡን ቻለው። ያልቻለው የኤውፌሚያን ዝምታ ነው። ጎርፉ የዓሣ ማድረቂያ ርብራቧን ወስዶባታል፤ እሷ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እውነት ነው ቢል ጎርፍ አምጪ ሊሆን፣ ውሸት ነው ቢል ፍቅሩም ውሸት ሊሆን። በየትም ቢዞር በሩ እንደተዘጋ ነው።

እንግዲህ መጋዙን ይዞ ሄደ። ሳይጠሩት አዲስ ርብራብ ሠራላት፤ የመጨረሻውን ምስማር መትቶ እዚያው ደጇ ላይ አኮርዲዮኑን አነሳ። መንደሩ ጆሮ እንጂ ሥራ የለውምና ወዲያው ተሰበሰበ።

"ወንዙን የሞላው ዝናብ ነው እንጂ፣
የኔ እንባ ግማሽ ስኒ ነች፣ ፍረጂ።"

ያጨበጨበ የለም። "ግማሽ ስኒ?" አለ ፖሊካርፖ፣ ክብሩ እንደተነካ ሰው። "ዩካዬ የሄደው ለግማሽ ስኒ ነው?"

ኤውፌሚያ ቢላዋዋን በሽርጧ ጠርጋ ብቅ አለች።

"ግማሽ ስኒውም ውሸት ነው፣" አለች። "ጀልባዬን ስትጠግን በመስኮት ሳይህ ነው የከረምኩት። ላብ እንጂ እንባ አይቼብህ አላውቅም።"

ኤልፊዲዮ አንገቱን ደፋ። "ልክ ነሽ።"

"እሷን የምታክል ውሸት ግን ቤቴ ትችላለች። ግባ፣ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ።" ደፉ ላይ ሲደርስ ክንዱን ያዝ አደረገችው። "ጨረቃ ያልከኝ ዕለት ግን ውጭ ታድራለህ።"

ጨረቃ ብሏት አያውቅም። በዘፈኑ ቦካቺኮ አላት፤ ወንዙ ሲጎድል በገፍ የሚወጣውን፣ ስቡ በጣት መሃል የሚንጠባጠበውን ዓሣ። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ኤውፌሚያ ግን ዓሣዋን እየገለበጠች ያንኑ ታንጎራጉራለች።