ሲሚንቶ የገባበት ጋን

ጎረቤቴ ሲሚንቶ ባስቦካ ቁጥር፣ ሽታው ሲደርሰኝ ሳላስበው ጆሮዬን እይዛለሁ።

በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ልጅ ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ የምታሳድገኝ አክስቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጭቃዋን የምታጠነክረው አሮጌ ገል ፈጭታ እየቀላቀለች ነበር። ጣሊያን ኮረብታው ላይ ምሽግ ሲገነባ ካየች በኋላ ግን ልቧ ሸፈተ።

"ድንጋይ ከድንጋይ ያጣበቀ ዱቄት የእኔ ጋን ያቅተዋል?" ብላ ለምሽጉ ሠራተኞች እንቁላል ሰጥታ በለውጡ ሲሚንቶ ተቀበለች። ገሉን ትታ እሱን ጭቃው ውስጥ ለወሰችው።

ጋኑ ደርቆ ኩበት ከምራ ስትለኩስበት ድው! ብሎ ፈነዳ። ምሽጉ ውስጥ መለከት ተነፋ፤ ወታደሮቹም ባዶውን ጫካ በጥይት ሲደበድቡ ዋሉ። አክስቴ አመድ እንደለበሰች ስብርባሪውን እየለቀመች፣ "ይሁን፣ ለሚቀጥለው ጭቃ ገል ይሆነኛል" አለች።

በማግስቱ አርበኞች የላኩት ሰው መጣ።

"እናቴ፣ ለቅዳሜ ጥቂት ጋን ይሥሩልን።"

አክስቴ ፊቷ በራ። "በገል አጠንክሬ፣ የልጅ ልጅ የሚወርሰው አድርጌ እሠራላችኋለሁ!"

"ኧረ የለም እናቴ፣ እንደ ትናንቱ ይሁንልን።"

ሙያዋን የሰደበባት መስሏት እየተራገመች እስከ ወንዙ አባረረችው።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ኩበቱን እየለኮሰች "ጆሮህን ያዝ" ያለችኝ እሷው ነበረች።