ምስር የምታህለዋ ቺፕ

ዝናሽ ሱቅ ዐረቢ ገበያ የደረሰችው ገና ከሀፍላው አውቶቡስ ሳትወርድ፣ የስልክ ዋጋ መናሩን ሰምታ፣ ተናዳ ነው። በሰው አገር፣ ካፉሪ ሰፈር፣ የሰው ቤት ስትጠርግና ስትወለውል የኖረች ሴት ናት፤ ለራሷ ዕቃ ልግዛ ብላ ከቤት ከወጣች ስንት ዘመኗ! ዛሬ ግን የዕቁብ ገንዘቧን በጉያዋ ሸጉጣ ስልክ ልትገዛ መጥታለች።

የድሮ ስልኳ ከልብስ ጋር ታጥቦ ሞቷል። ለሌላ ሰው ዕዳው ገብስ ነበር፤ ባለ ቁልፍ ስልክ በርካሽ ገዝቶ ይገላገላል። የእሷ ልጅ ፍሰሐ ግን መስማት የተሳነው ነው። ጎንደር እህቷ ዘንድ ነው ያለው፤ ፊደል ገና አልለየም፤ ወሬው ሁሉ በእጁ ነው። ታዲያ ፊት የማያሳይ ስልክ ምን ይሠራላታል?

ዕጣው እኮ ቀድሞ ወጥቶላት ነበር! ያን ጊዜ የዕቁብ ጓደኛዋ ሜሮን ልትወልድ ደርሳ ስለነበር፣ «አንቺ ውሰጂው፤ ስልክ እንደሆነ የትም አይሄድብኝ» አለቻት። አይ ይሉኝታ! ስልኩስ የትም አልሄደም፤ ዋጋው ግን ሰማይ ወጣ።

«ማዓሌሽ፣ አይክፋሽ ዝናሽዬ» አላት ባለሱቁ ስለሺ፣ ያገሯ ልጅ ነው። «ከውጭ በሚገባ ቺፕ ላይ ቀረጥ ተጨመረ። ወላሂ እኔ ኪስ የገባ ነገር የለም።»

«እኔ መች ቺፕ ጠየቅሁህ? ስልክ ነው የጠየቅሁህ!»

ስለሺ የተፈታ ስልክ አንስቶ ምስር የምታህል ጥቁር ነገር አሳያት። «የስልኩ ልብ ይቺ ናት።»

«ለዚች ነው እንዲህ የምታንገበግቡኝ? በል አሮጌውን ጠግንልኝ!»

«እሱም የተቃጠለበት ይቺው ናት። የመለዋወጫውም ቀረጥ ያው ነው።»

የዕቁብ ገንዘቧ አይበቃ፣ ወዴት ትሂድ እንግዲህ? ወደ ሱቁ የሚገባው ሁሉ ዋጋ ጠይቆ እያጉረመረመ ይወጣል። ስለሺ ግራ ሲገባው አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ ገፋ አደረገላት። «ለጊዜው ይቺን ያዢ። ድምፅ እንደሆነ ጥርት አድርጋ ታሰማለች።»

«ማን ሊሰማኝ ስለሺ? ማን?» ብላ ጮኸች። እንባዋ መጣ።

ስለሺ የልጇ ነገር ትዝ ሲለው አፈረ። የራሱን ስልክ አውጥቶ እህቷ ጋ በቪዲዮ ደወለና፣ በሁለት እጇ እንድታወራ ባንኮኒው ላይ አስደግፎ አቆመላት።

ፍሰሐ ብቅ አለ። ጥርሱ ወልቋል፤ እሷ ሳታይ ወልቋል። እጆቹ ተጣደፉ። የት ጠፋሽ? ስልክ ተበላሽቶብኝ ነው አለችው በእጇ። እሱ ጣቱን ወደ ስልኩ ቀሰረ። ይሄ አዲስ ነው? ያንቺ ነው?

ዝናሽ ስለሺን ቀና ብላ አየችው፤ ደንበኛ እየጠበቀው ነው። ከዚያ ደረቷን መታ መታ አደረገች። አዎ፣ የኔ ነው።

ልጁ በደስታ ዘለለ። እንግዲያው ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በየቀኑ እንገናኛለን አላት።

ዝናሽ እሺ አለችው፤ ስልኩንም ለባለቤቱ መለሰች።