ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ያለው ፎጣ

ይህ የገጠመኝ አምና ነው፤ ረመዳንና የእኛ ዐቢይ ጾም በተደራረቡበት ሰሞን። ዛሬም የዕቃ ማድረቂያ ፎጣ በያዝኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ፎጣ ሳልይዝ የምውልበት ቀን ደግሞ የለም፤ ዶሃ፣ አል ቱማማ ውስጥ ሰው ቤት ነው የምሠራው።

ረመዳን ሊገባ ሲል ማዳም አንድ ብርጭቆ አንሥታ አሳየችኝ። ከአሮጌው ፎጣ የረገፈ ብናኝ ተጣብቆበታል። "በዚህ ነው እንግዳ የማጠጣው? ሂጂና ጥሩ ፎጣ መርጠሽ ግዢ" አለችና ከሾፌሩ ከጋሽ ሰይድ ጋር ላከችኝ። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ እዚያ ቤት ከእኔ በፊት የገቡ ናቸው።

በፎጣ ነገር እኔን የሚያህል አስቸጋሪ የለም። ሱቁ ውስጥ ከፊት የተደረደሩት ጨረቃና ፋኖስ የታተመባቸው፣ የሚያብረቀርቁ ናቸው። ለዓይን ያምራሉ፤ ውሃ ግን አይጠጡም፣ ሳህን ላይ ይንሸራተታሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና እኔ መጀመሪያ በእጄ እመዝናለሁ። ቀጥሎ ወደ መብራት ዘርግቼ አያለሁ፤ ወንፊት ከመሰለ እተወዋለሁ። ከዚያ በመዳፌ አሸት አሸት አደርገዋለሁ። እጄ ላይ ብናኝ የለቀቀ ፎጣ ብርጭቆም ላይ መልቀቁ አይቀርም። አራቱም ጠርዙ ታጥፎ በደንብ የተሰፋ መሆን አለበት። መቶ በመቶ ጥጥ የሚለውን ጽሑፍም አነባለሁ፤ ከእጄ በላይ ግን አላምነውም።

"አንቺ ልጅ፣ ፎጣ ነው ባል የምትመርጪው? ያላ፣ ቶሎ በይ!" አሉኝ ጋሽ ሰይድ።

"ባል ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጨርሼ ነበር" አልኳቸው።

በመጨረሻ ሰማያዊ ጥለት ያለው ወፈር ያለ ነጭ ጥጥ አገኘሁ። ለቤቱ ደርዘን ወሰድኩ፤ ከዚያው ዓይነት አንድ ደግሞ ለራሴ ገዛሁ። ቤት ስንገባ ሁሉንም ማለስለሻ ሳልጨምር በሙቅ ውሃ አጠብኳቸው። አዲስ ፎጣ ሳይታጠብ ውሃ አይመጥም፤ ማለስለሻ ሲበዛበትም እንደዚያው ነው። የራሴን ጠርዙን በቀይ ክር ሰፋሁና ከጾም መጥበሻዬ ጋር በፌስታል አድርጌ ለብቻው አስቀመጥኩት።

ምክንያቴ ቀላል ነው። ሥጋና ቅቤ የነካ ፎጣ የጾም ሳህኔን እንዳይነካው ብዬ ነው። አገር ቤት የጾም ድስት ለብቻው አይደል የሚቀመጠው? ይህን ግን ለማዳም ማስረዳት ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ከሥራዬ ሊያስወጣኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምስር ወጤን በልቼ ሳህኔን ሳደርቅ ማዳም ኩሽና ገባች። ሲታጠብና ሲጠረግ ስለዋለ የቤቱ ፎጣ ሁሉ እርጥብ ነው። የእኔ ብቻ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ አየችው።

"ጥሩውን ለራስሽ ደበቅሽ?" አለችኝ።

"ላ ማዳም፣ ይሄ የእኔ ነው። በራሴ ፍሉስ ነው የገዛሁት።"

"የቤቱ ፎጣ ምን ሆነና?"

አረብኛዬ የኩሽና አረብኛ ነው፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ እጠቢ ከሚለው ብዙም አያልፍም። በዚያችው አረብኛዬ፣ "የቤቱ ጥሩ አይደለም። ሥጋ ነክቶታል። እኔ አልፈልገውም። ጾመኛ ነኝ" አልኳት።

ባዶ ሳህኔን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። "አሁን በልተሽ የጨረስሽው ጾመኛ? ወይስ እኛ ነጅስ ነን?"

ነጅስ ማለት ርኩስ ማለት ነው። ክው አልኩ። እሷን ለመንቀፍ በሐሳቤም አልነበረም።

"ቤቴን ከተጸየፍሽ ነገ መክተብ እደውላለሁ" አለች። መክተብ እኔን ያመጣኝ ኤጀንሲ ነው። ወደዚያ የተመለሰች ልጅ ወይ ወደማታውቀው ቤት ወይ ወደ አገሯ ትላካለች። እኔ ደግሞ እናቴ ዘንድ የተውኳቸው፣ በእኔ ደመወዝ የሚማሩ ልጆች አሉኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ብናገር ይባስ አበላሸዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

በዚህ መሐል ጋሽ ሰይድ በኩሽናው በር ብቅ አሉ። አል ዋክራ ለምትኖረው ለማዳም እናት የሚወሰደውን የማፍጠሪያ ምግብ መኪና ላይ ሊጭኑ ነበር። ማዳም ወደ እሳቸው ዞራ "ንገራት፣ ሻንጣዋን ታዘጋጅ" አለቻቸው።

"ምን ብለሻት ነው?" አሉኝ በአማርኛ። ነገርኳቸው። ያነሡትን ድስት መልሰው አስቀመጡና ማዳምን በአረብኛ ያናግሯት ጀመር። ረጋ ብለው ስለሚናገሩ እኔም ገባኝ።

"ማዳም፣ እኔ እንዳንቺ ሙስሊም ነኝ። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን ልጃቸውን ሲድሩ ይጠሩኛል። ለእኛ የሚሆነው በሬ በእኛ ሰው እጅ ይታረዳል። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ፣ ሳህኑም ለብቻ ነው። አንድም ቀን ተጸየፉኝ ብዬ አላውቅም፤ አከበሩኝ ነው የምለው። ይህች ልጅም እንደዚያው ናት። ጾማቸው ከኛ ይለያል፤ ትበላለች፣ ግን ሥጋና ቅቤ የነካውን አትነካም። አንቺ ጾመሽ ሳለ አንድ ሰው ሳታውቂ ጠብታ ውሃ ቢያጠጣሽ ምን ይሰማሻል?"

ማዳም ፎጣውን ከእጄ ወስዳ ቀዩን ክር ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው። "ታዲያ አፍ የላትም? ለምን አልነገረችኝም?" አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለጋሽ ሰይድ። የመክተብ ወሬ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። በማግሥቱ አንድ መሳቢያ ባዶ አደረገችና "ያንቺ ነው" አለችኝ።

የሚያስቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዒድ ደርሶ እነሱ ፈቱ፤ የእኛ ጾም ገና ነበር። "እስካሁን አላለቀም?" ትለኛለች በየቀኑ። ልጆቿ በእኔ ፎጣ እጃቸውን ሲጠርጉ ከያዘቻቸው ወዮላቸው!

የፋሲካ ለት አቡ ሃሙር ባለው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ ጠዋት ቤት ገባሁ። እንቁላል በቅቤ ጠብሼ ፈታሁና ሳህኔን አጥቤ እጄ ላይ በገባው የቤቱ ፎጣ ማድረቅ ጀመርኩ። ማዳም ከኋላዬ መጥታ ፎጣውን መንጭቃ ወሰደችው።

"ላ፣ ላ! ይሄ ሥጋ ነክቶታል! ያንቺ የታለ?"

"ኸላስ ማዳም፣ ጾሙ አለቀ። ዛሬ ዒዳችን ነው።"

ቆማ አየችኝ። "በዒድሽ ቀን ዕቃ ታጥቢያለሽ?" ብላ ሳህኑንም ተቀበለችኝና ራሷ ታደርቀው ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ ማድረቅ አትችልበትም። መሐሉን ብቻ ጠራርጋ ዙሪያውን እርጥብ ተወችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቴ ያርር ነበር። ያን ቀን ግን በሁለት እጄ ተቀብዬ ከነእርጥበቱ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

አሁንም እዚያው ቤት ነኝ። ማዳም ዛሬም ቁጡ ናት፤ ስትቆጣኝ እኔም ውስጤ ይቃጠላል። ግን ጾሜን መፍታቴን ሳታውቅ፣ እንዳልሳሳት ፈርታ ፎጣውን ከእጄ መንጠቋን ሳስብ ንዴቴ ቶሎ ይበርዳል። በሰው አገር ለጾሜ የሚሳሳልኝ አለ ብዬ ደስ ይለኛል።