የፊዚክስ መምህሩ ገመድ

ቡታጅራ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ይህቺን ያዙልኝ።

ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥኔን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ፍለጋ ሸምሱ ሱቅ ገባሁና፣ ድምፅን በብርሃን የሚያስተላልፈውን ኦፕቲካል ኬብል መረጥኩ። ሸምሱ ሳይጠይቀኝ፣ ብርሃን በቀጭን ገመድ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ቁጭ አድርጌ አስተማርኩት።

ቤቴ ወስጄ ሰካሁት፤ ድምፅ የለም። በማግስቱ ስፒከሩን ከነገመዱ ባጃጅ ላይ ጭኜ ተመለስኩ።

«ሸምሱ፣ የማይሰራ ዕቃ ትሸጥልኛለህ?»

የገመዱን ጫፍ አገላብጦ አየና ፈገግ አለ። «መምህር፣ ይቺን የፕላስቲክ ቆብ ለምን አላወለቋትም?»

«እንዳይቧጨር ብዬ ነዋ! አዲስ ዕቃ አይደል?»

«ወላሂ፣ ብርሃኑ ላይ ቆብ ደፍተውበት በየት በኩል ይውጣ?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ደንበኛ ሁሉ ሳቀብኝ። ሸምሱ ቆቦቹን ነቅሎ ገመዱን ከሱቁ ቴሌቪዥን ጋር ሲያገናኘው፣ ስፒከሬ መዝፈን ጀመረ።

«የእኛ ሰው እኮ የአዲስ ዕቃ ላስቲክ ማንሳት አይወድም!» እያለ ድምፁን ሊጨምር የሱቁን ቴሌቪዥን ሪሞት አነሳ። አንዴ ተጫነው፣ ደገመው፣ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገው። አልታዘዝ አለው።

ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ሪሞቱ ከመጣበት፣ አሁን በአቧራ ከጠቆረው ላስቲክ ገና አልወጣም።