ለሀጂ የተረጎምኩት የቁማር ፊልም

በደርግ ዘመን ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ሄርማታ ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ሀጂ የቡና ነጋዴ ነበሩ። ብቸኛ ልጃቸው ከታሰረ ወራት አልፈውት ነበር። ቤቱ ጭር ስለሚልባቸው እሁድ ከሰዓት ከእኔ ጋር ሲኒማ መግባት ለመዱ፤ እኔም የሚባለውን በጆሯቸው እተረጉምላቸው ነበር።

አንድ እሁድ የቁማርተኛ ፊልም መጣ። ሰውየው ካዚኖ ገብቶ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያሲዝ ሲል ለጓደኛው የሆነ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉኝ ሀጂ።

አልሰማሁትም ነበር፤ ግን አልሰማሁም ማለት አፈርኩ። «የፈራ ሰው የሚያገኘው ነገር የለም አለ» አልኳቸው። ሰውየው አሸነፈ። አዳራሹ አጨበጨበ።

በማግስቱ ጠዋት ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው በሬን አንኳኩ።

«ስለ ልጄ ልጠይቅ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ልሄድ ነው።»

«ሀጂ፣ ሁለተኛ እንዳይመጡ ብለውዎት አልነበር እንዴ?»

«ብለውኛል። ግን የፈራ የሚያገኘው የለም። ኢንሻአላህ ይዤው እመጣለሁ።»

ቃሉ የራሴ ፈጠራ መሆኑን ልነግራቸው አስቤ ነበር። ክፍል የምገባበት ሰዓት ደርሶብኝ፣ ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

በዚያው ቀን እሳቸውንም አሰሯቸው፤ የተለቀቁት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ውስጥ እግራቸውን ተገርፈው በከዘራ ይራመዱ ነበር። የልጃቸውን መሞት የሰሙት እዚያው እስር ቤት ውስጥ ነው።

አንድም ቀን አልወቀሱኝም። እኔም እውነቱን ሳልነግራቸው ወደ አጋሮ ተዛወርኩ።