ጋሽ ወልዴና ቁጥር ሠላሳ አንድ

ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነጭ ጋወኔን እንደለበስኩ ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ቁልቁል እሮጥ ነበር... ሰው ዞር እያለ ያየኛል፤ ማን ግድ አለው!

የምሠራበት ላብራቶሪ ጋዝ አልቆበታል። ሥራዬ ሴል ማሳደግ ነው። ሃምስተር የምትባል የአይጥ ዘመድ ሴሎች ውስጥ የሰው ጂን ተከትቶ፣ መድኃኒት የሚሆነውን ፕሮቲን አብልጦ የሚያመርተው የትኛው እንደሆነ እፈትሻለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ሦስት መቶ ያህሉን ለቅሜ የረባችኝ አንዷ ብቻ ናት... ቁጥር ሠላሳ አንድ። መጠባበቂያ አውጥቼ በረዶ ውስጥ ማስቀመጥ ሲገባኝ «ሰኞ፣ ሰኞ» እያልኩ ከረምኩ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካጣች ትሞታለች፤ ጋዝ አቅራቢው ደግሞ እስከ ሰኞ ዝግ ነው።

ያንን ጋዝ ሌላ ማን ይጠቀማል? ድራፍት ቤት።

የድራፍት ቤቱ ባለቤት ጋሽ ወልዴ ባንኮኒው ላይ ብርጭቆ ይወለውላሉ። አይተውኝ አያውቁም። ሳልተነፍስ ዘረገፍኩላቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ? በቅዳሜ፣ ኳስ እያለ፣ ለአይጥ ብዬ ደንበኛ ላስጠማ?»

«ጋሼ፣ አይጥ እኮ አይደለችም... ኩላሊት የሚታጠቡ ሰዎች የሚወጉት፣ ደም የሚያበዛ መርፌ አለ አይደል? እሱን ለመሥራት ነው የምንሞክረው።»

ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«ባለቤቴ የምትወጋውን?»

«አዎ፣ እሱን» አልኳቸው። ሲሊንደሩን ከድራፍት ማሽኑ ራሳቸው ፈቱና ታክሲ ላይ ጭነው አብረውኝ መጡ። ደንበኞቹ እያጉረመረሙ ወደ ጠርሙስ ቢራ ዞሩ።

ላብራቶሪ ደርሰን ጋዙ ሲገባ፣ ሴሎቹ የሚያድጉበት ማሽን የማስጠንቀቂያ ጩኸቱን አቆመ። ቁጥር ሠላሳ አንድን በማይክሮስኮፕ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩና «በርቺ የኔ ልጅ» አሉ... ለእኔ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለሴሏ ነው።

«መርፌው መቼ ይደርሳል?» አሉኝ ቀና ብለው።

ገና ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ጭራሽ ላይሳካም እንደሚችል መናገር ነበረብኝ። «በቅርቡ» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ይደውላሉ። «ቁጥር ሠላሳ አንድ እንዴት አደረች?» ይሉኛል፤ እኔም እየሳቅኩ እመልሳለሁ።

ትናንት የምርመራ ውጤት ወጣ። ቁጥር ሠላሳ አንድ ታድጋለች፣ ትባዛለች፣ ምንም አልጎደላትም... ፕሮቲኑን ግን ማምረት አቁማለች። በእኛ ሥራ እንዲህ ያለው ያጋጥማል። ሦስት ጊዜ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ላላነሳው አስቤ ነበር።

«እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት ጋሼ... እየተባዛች ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ቆይ፣ ለባለቤቴ ልንገራት!»

ዛሬ አንዲት የውሸት ቃል አልወጣኝም፤ ከጠዋት ጀምሮ ግን መቀመጥ አቅቶኛል።