የመላጣው አለት ግልገሎች

ዶሲንዳ ወደ ባሕሩ በምትወርድበት ጠዋት ሁሉ መጀመሪያ ከመኪናው ጀርባ ሄዳ ታስመልሳለች። በስፔን የጋሊሲያ ባሕር ዳርቻ ያሉ ፐርሴቤ ለቃሚዎች ይህን ስለለመዱ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። በወጣትነቷ ማዕበል ከአለት ላይ ጠርጎ ወስዷት፣ ትከሻዋን ሰብሮ መልሶ ተፍቷታል። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ ሆዷ ውስጥ ቀረ። ሥራውን ግን አልተወችም፤ ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም። ፐርሴቤ ደግሞ፣ ያ ጣት የሚያህል ግንድና ጫፉ ላይ እንደ ጥፍር ያለ ቅርፊት ያለው የሚበላ የባሕር ፍጥረት፣ የሚወፍረው ማዕበል ክፉኛ በሚመታው አለት ላይ ነው።

"ዛሬስ ቁርስሽን ለማን ሰጠሽው?" አለቻት የባሏ ታላቅ እህት እሩንዲና፣ ገመዱን ወገቧ ላይ እያሰረችላት።

"ለአሞራዎቹ። ለአንቺም ተርፏል፣ እትዬ።"

"ተዪኝ እቴ፣ እኔ እንኳን ወፍሬያለሁ።"

የዚያን ቀን የመጡት ለለቀማ አልነበረም። መላጣው የሚሉትን አለት ሌቦች ሙልጭ አድርገው ከፋቁት በኋላ የለቃሚዎቹ ማኅበር ለለቀማ ዘግቶት ነበር። በመጀመሪያው ጸደይ የፐርሴቤ ግልገሎች ከባሕር መጡ። ለሳምንታት በውሃው ሲንሳፈፉ ከርመው፣ አናታቸውን ድንጋዩ ላይ አጣብቀው ዳግም ላይነቃነቁ ተተከሉ። መጠጊያ ግን አልነበራቸውም፤ ፀሐይ አቃጠላቸው፣ ቀንድ አውጣ ጨረሳቸው። ዘንድሮ ሌሎች መጥተዋል። የገና ገበያ ስለቀረበ "ይከፈት" የሚሉ አባላት በዝተው፣ ሁለቱ ሴቶች ግልገሎቹ በጋውን ማለፋቸውን እንዲያዩ ተላኩ።

ውሃው ሲሸሽ ወረዱ። እሩንዲና ባሕሩን ልትጠብቅ ቆመች፤ ዶሲንዳ በሆዷ ተኝታ ፈለገች። ገላጣው ላይ ምንም የለም። ስንጥቁ ውስጥ ግን የሌቦቹ ብረት ያልደረሰባቸው ጥቂት አሮጌዎች ነበሩ፤ ግንዳቸው ላይ ሰሊጥ የሚያካክሉ፣ አንዳንዶቹም ምስር የሚያህሉ ግልገሎች ተለጥፈዋል።

"አሉ፣ እትዬ! አሮጌዎቹ ሥር ተሸጉጠዋል።"

"የታሉ? እስቲ ልይ።" የእሩንዲና ገመድ አልደርስ ስላላት ፈታችውና ጎንበስ አለች። ባሕሩን የሚያይ ሰው አልቀረም።

በድንገት የውሃው ድምፅ ጠፋ። ዶሲንዳ ቀና ስትል ባሕሩ ከአለቱ ሥር ወደ ኋላ ተስቦ አየች። "ያዢ!" ብላ ስንጥቁ ውስጥ ተወተፈች። ውሃው በላይዋ አለፈ። ስትነሳ እሩንዲና የለችም። ታች በአለቶቹ መካከል ባለው ሰርጥ ውስጥ በአንድ እጇ ድንጋይ ይዛ ተንጠልጥላለች፤ እግሯ ወዳልሆነ አቅጣጫ ታጥፏል።

ዶሲንዳ ባለችበት ተቀመጠች። ሽንቷ አመለጣት። ከወዲያ ሌላ ማዕበል እያበጠ ነው።

"ዶሲንዳ፣" አለች እሩንዲና ቀስ ብላ፣ "አትፍሪ አልልሽም። እየፈራሽ ወርውሪው።"

እያለቀሰች በሆዷ እየተሳበች ወረደች። የተፈታውን ገመድ አንዱን ጫፍ ድንጋይ ላይ ጠምጥማ ሌላውን ወረወረችው፤ ሳተች። ደገመችው። እሩንዲና ክንዷ ላይ እንደጠመጠመችው ውሃው ሁለቱንም ዋጣቸው። ገመዱ ግን አልተበጠሰም። ዳርቻውን የሚጠብቀው የማኅበሩ ጀልባ ደርሶ አነሳቸው።

እሩንዲና ዳሌዋ ተሰብሮ ዳግም አልወረደችም። ዶሲንዳ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ለመናገር ቆመች።

"ግልገሎቹ አሉ። አሮጌዎቹን ከነካችሁ ግን አብረው ይሄዳሉ።"

"ፈርተሽ ነው ይህን የምትዪው" አላት አንዱ።

"አዎ፣ ፈርቼ ነው።"

በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለቱ ተዘግቶ ቆየ። የክረምቱ ማዕበል ብዙዎቹን ግልገሎች ነቀላቸው፤ ስንጥቁ ውስጥ ያሉት ቀሩ፤ በጸደይ ደግሞ ሌሎች መጥተው በላያቸው ተለጠፉ። በተከታዩ የገና ሰሞን ሲከፈት ዶሲንዳ አንድ እፍኝ ለቅማ፣ በባሕር ውሃ ቀቅላ ለእሩንዲና ወሰደችላት።

"ቀጫጮች ናቸው" አለች እሩንዲና፣ አንዱን ልጣ እየጎረሰች። ሳህኑን ግን ለማንም አላቀበለችም።